ብርዱ ሳይገባ፦ በኪራይ ቤት ያለውን ሂተርና ፋየርፕሌስ እንዴት እንደምንይዝ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ በየዓመቱ የሚደጋገም ነገር አለ። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር አየሩ ደስ ይላል፤ ሂተር ትዝ የሚለው የለም። ከዚያ ኖቬምበር ውስጥ አንድ ማታ ድንገት ይበርዳል፤ ሁሉም ሰው በአንድ ምሽት ሂተሩን ይከፍታል፤ እምቢ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ቴክኒሻን ይጠራል። ያን ሳምንት ቴክኒሻን ማግኘት ጭንቅ ነው። ስለዚህ ተከራይም ሁኑ ቤታችሁን ወይም ቤዝመንታችሁን የምታከራዩ፣ ከዚህ በታች ያለውን ኦክቶበር ሳያልቅ ጨርሱት።

የምጽፈው ለሁለቱም ወገን ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ አከራዩም ተከራዩም ሐበሻ ነው። ውሉ በቃል ነው፤ "ሂተሩን ማነው የሚያሠራው?" የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ብርዱ አጥንት ከገባ በኋላ ነው። ተከራዩ በይሉኝታ ሳምንት ሙሉ ጋቢ ተከናንቦ ያድራል እንጂ ደውሎ "ቤቱ አልሞቀም" አይልም። አከራዩም ካልተነገረው ደህና ነው ብሎ ይተኛል። በዚህ መሀል የሚበላሸው ማሽኑ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ የሚያሳስበኝ የሰው ሕይወት ነው።

1. መጀመሪያ ቤታችሁ በምን እንደሚሞቅ እወቁ

ከጣሪያ ወይም ከወለል ባሉ ቀዳዳዎች ሞቃት አየር የሚነፍስ ከሆነ ያላችሁ ፈርነስ ወይም ሂት ፓምፕ ነው። ጋዝ የሚያቃጥል ፈርነስ የጋዝ ቧንቧና ጭስ ማውጫ አለው፤ ብዙ ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ ወይም ጠባብ ቁም ሳጥን በምትመስል ክፍል ይቀመጣል። ሂት ፓምፕ ከሆነ ውጭ ያለው ማሽን ክረምትም በጋም ይዞራል። የድሮ የዲሲ ሕንፃዎች ውስጥ የብረት ራዲያተር ታገኛላችሁ። ግድግዳ ሥር የተዘረጋ ረዘም ያለ ቆርቆሮ ካለ ደግሞ ቤዝቦርድ ነው።

ይሄን ካወቃችሁ በኋላ አራት ነገር ያለበትን ቦታ አከራዩ በእጁ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፦ ፊልተሩ፣ የፈርነሱ ማጥፊያ፣ የብሬከር ሳጥኑ (የመብራት መስመር ማቋረጫዎቹ ያሉበት) እና ዋናው የውሃ መዝጊያ። የፈርነሱ ማጥፊያ የተራ መብራት ማብሪያ ነው የሚመስለው፤ ዕቃ ሲነሳ ወይም ሲፀዳ ሰው ሳያውቅ ይነካዋል። ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ "ሂተር፣ አይነካ" ብላችሁ ጻፉበት።

2. ሥራውን ተከፋፈሉ፤ በጽሑፍ ይሁን

ፊልተር መቀየር፣ ቀዳዳዎቹን አቧራ መጥረግ፣ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ (የመርዛማ ጋዝ) አላርም ባትሪ መሞከር ተከራዩ ሊይዘው የሚችል ሥራ ነው። የዓመት ምርመራ፣ የጭስ ማውጫ ጽዳት፣ ጥገናና ጋዝ የሚነካ ነገር ሁሉ የአከራዩ ነው። ተከራይ የፈርነስ ውስጥ ከፍቶ ባይጎረጉር ይሻላል፣ ሙያው ያለው ሰው ቢሆን እንኳ፤ ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ኃላፊነቱ እሱ ላይ ይመጣልና። ይሄን በቴክስት ሦስት መስመር ጽፎ መላላክ በቂ ነው።

ዲሲ ውስጥ ማሞቂያውን የሚቆጣጠረው አከራዩ ከሆነ ቤቱ ከጠዋቱ 6፡30 እስከ ማታ 11፡00 በአሜሪካ ሰዓት ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት፣ ሌሊቱን ደግሞ ቢያንስ 65 መሆን አለበት። ይሄ በደግነት የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ደንብ ነው።

እዚህ ላይ የቤዝመንት ተከራዮችን ነገር ላንሳ። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም የሙቀት መቆጣጠሪያው፣ ላይ ቤት ነው፣ ፈርነሱ ደግሞ ታች ተከራዩ ክፍል አጠገብ። ላይ ቤት ሲሞቅ ማሽኑ ይጠፋል፤ ታች ያለው ይበርደዋል። መፍትሔው አከራዩ ወርዶ ቤዝመንት ውስጥ ተራ ቴርሞሜትር ማስቀመጥና ቁጥሩን አይቶ ማስተካከል ነው። አንዳንዱ ሙቀት ወደ ታች ለመግፋት ብሎ ላይ ቤት ያሉትን ቀዳዳዎች ይዘጋጋል። እንደዚያ ማድረግ ማሽኑ አየር እንዲያጥረው ያደርጋል፤ ተዉት።

3. ፊልተሩን ቀይሩ

ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የሚረሳው ሥራ ይሄ ነው። ፊልተር ሲደፈን አየር አያልፍም፤ ፈርነሱ ከመጠን በላይ ይግልና ራሱን ያጠፋል። ሲቀዘቅዝ ይነሳል፤ መልሶ ይጠፋል። ሰው "ሂተሩ ተበላሸ" ብሎ ለቴክኒሻን ከከፈለ በኋላ ችግሩ የፊልተር ሆኖ ይገኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቴርሞስታቱን አጥፉ። ፊልተሩ ወይ ፈርነሱ ጎን ባለች ቀጭን ክፍተት ውስጥ ነው፣ ወይ ኮሪደር ላይ አየር ከሚስበው ትልቁ ፍርግርግ ጀርባ ነው። ስታወጡት ጠርዙ ላይ ያለውን መጠን አንብቡ፤ ለምሳሌ 16 በ25 በ1 ይላል። ልክ ያንኑ ግዙ፤ በግምት የተገዛ አይገባም፣ ወይም ዳር ዳሩን አየር ያሾልካል። አዲሱ ላይ የተሳለውን ቀስት ደግሞ እዩ። ቀስቱ አየሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው፤ ማለትም ወደ ፈርነሱ መዞር አለበት። ከዚያ ጠርዙ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉ።

አንድ ኢንች የሚወፍረውን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ቀይሩ። በየቀኑ ወጥ በሚሠራበት፣ ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት ቤት ሦስት ወር ብዙ ነው፤ በየወሩ አውጥታችሁ ወደ መብራት ያዙት፣ ብርሃን ካላሳለፈ ጊዜው አልፏል። ውዱ ሁልጊዜ ጥሩ ነው ብላችሁም አትግዙ። ሜርቭ ፊልተሩ ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ሜርቭ 8 የሚለው ለአብዛኛው ቤት ይበቃል፤ በጣም ጥቅጥቅ ያለው አሮጌ ማሽን ላይ አየር ሊያሳጥር ይችላል።

4. ሳይበርድ አስነስታችሁ ሞክሩ

በመጀመሪያ በፈርነሱ ዙሪያ ያለውን ዕቃ አንሱ። ጋዝ ፈርነስ ያለበት ክፍል የሻንጣ፣ የካርቶንና የቀለም ቆርቆሮ ማስቀመጫ መሆን የለበትም፤ ቤንዚንማ ጭራሽ አይታሰብም። ሦስት ጫማ ያህል ባዶ ቦታ ተዉለት።

ቴርሞስታቱን "ሂት" ላይ፣ ፋኑን "አውቶ" ላይ አድርጉና ዲግሪውን ካለው በአምስት ከፍ አድርጉ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞቃት አየር መምጣት አለበት። የመጀመሪያ ቀን የተቃጠለ አቧራ ሽታ ይኖራል፤ ቶሎ ይጠፋል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ወይም ሽቦ ከሸተታችሁ ግን ወዲያው አጥፉትና አሳዩት።

በፈርነሱ መስኮት ነበልባሉ ከታየ ሰማያዊና የረጋ መሆን አለበት። ቢጫ ሆኖ የሚወላገድ ከሆነ ጋዙ በደንብ እየተቃጠለ አይደለም ማለት ነው፤ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። ጭስ ማውጫ ቱቦው ላይ ዝገት፣ የተላቀቀ መጋጠሚያ ወይም ጥቁር ጥላሸት ካያችሁም እንደዚያው። አዲሶቹ ፈርነሶች በግድግዳ በኩል ወደ ውጭ የሚወጡ ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧዎች አሏቸው። ቅጠል፣ የወፍ ጎጆ ወይም በረዶ ከደፈናቸው ማሽኑ ይቆማል። ትልቅ በረዶ በጣለ ቁጥር መኪናችሁን ከመጥረጋችሁ በፊት እነሱን ጥረጉ።

ሂት ፓምፕ ያላችሁ፣ ውጭ ያለው ማሽን ላይ ስስ በረዶ መያዙና አንዳንዴ እንፋሎት ማውጣቱ የተለመደ ነው፤ ራሱን እያቀለጠ ነው። ዙሪያውን ብቻ ክፍት አድርጉ። "ኢመርጀንሲ ሂት" የሚለውን ማሽኑ ካልተበላሸ አትንኩት፤ የመብራት ሒሳቡ ያስደነግጣችኋል። ቤዝቦርድ ያላችሁ አቧራውን በቫኪዩም ሳቡ፤ መጋረጃና አልጋ አርቁ። ራዲያተር ላይ ልብስ አታድርቁ።

5. አልነሳ ካለ፣ ከመደወላችሁ በፊት

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። የቴርሞስታቱን ባትሪ ቀይሩ። የፈርነሱን ማጥፊያ እዩ። ብሬከሩን እዩ፤ ወድቆ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ መልሱት፣ ደግሞ ከወደቀ ተዉት። ፊልተሩን እዩ። የፈርነሱ በር በደንብ መገጠሙን እዩ፤ በሩ ትንሽ ክፍት ከሆነ ውስጡ ያለች ደህንነት ጠባቂ ማብሪያ ማሽኑን አታስነሳውም። ወለሉ ላይ ውሃ ካለ የፍሳሽ ቱቦው ተደፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል።

ብዙ ፈርነስ ላይ በትንሽ መስታወት በኩል ብልጭ ድርግም የምትል መብራት አለች። የምትበራበት ብዛት የብልሽቱ ምልክት ነው። በስልክ ቪዲዮ ቅዱና ለአከራዩ ላኩ፤ ቴክኒሻኑ ምን ዕቃ ይዞ እንደሚመጣ ቀድሞ ያውቃል።

የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ካለ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታድርጉ። ጋዝ ነው። መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ይዛችሁ ውጡና ከራቃችሁ በኋላ 911 ወይም ጋዝ ድርጅቱ ጋ ደውሉ።

6. አላርሙ፣ ቡናውና ከሰሉ

እዚህ ክፍል ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ከፈርነስ፣ ከፋየርፕሌስ፣ ከመኪና፣ ከጄኔሬተር፣ ከከሰል ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ ከእሳት ቃጠሎ ጋር ባልተያያዘ መንገድ ብቻ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰው እንደሚገድል የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ይገልጻል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ይጀምራል፤ ሰው ጉንፋን ይመስለዋል። ቤት ያለው ሁሉ አብሮ ካመመው፣ ትኩሳት ከሌለው፣ ውጭ ሲወጣ ደግሞ ከተሻለው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ውጡ፣ 911 ደውሉ፣ እሳት አደጋዎች ግቡ እስኪሏችሁ አትመለሱ።

አገር ቤት ከሰል ሰው እንደሚያፍን ሁሉም ያውቃል። እዚህ ግን ቤቱ ብርድ እንዳያስገባ ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ነው፤ እንደ አገር ቤት በበርና በመስኮት ሥር አየር አይገባም። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲያልቅ "አሁን ደህና ነው" ይባላል። አይደለም። ጭስ የሌለው ፍም ዋናውን መርዝ እያወጣ ነው። ስለዚህ ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ፤ ዕጣኑን በኤሌክትሪክ ማጨሻ አጭሱ። ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍቶ ማቀጣጠልም መፍትሔ አይሆንም። ለበዓል እንግዳ ተሰብስቦ ሥነ ሥርዓቱ ይጉደል ማለቴ አይደለም፤ ረከቦቱም፣ ቄጤማውም፣ ሦስቱም ስኒ ይቀጥል። ከሰሉ ብቻ ይቅር።

ሁለተኛው ነገር፣ ቡና ሲቆላ አላርሙ ይጮሃል። ከዚያ አንዱ ወንበር ላይ ይወጣና ባትሪውን ያወጣዋል፤ ሲመለስ ወራት አልፈዋል። ባትሪ አታውጡ። ከመቁላታችሁ በፊት የምድጃውን ማራገቢያ አብሩ፣ አንድ መስኮት ገርበብ አድርጉ፤ ከጮኸም መሀሉ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ይላል።

በየወሩ የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጫኑ። ሦስት ሦስት ጊዜ የሚጮኸው ጭስ ነው፤ አራት አራት ጊዜ የሚጮኸው ካርቦን ሞኖክሳይድ። አልፎ አልፎ አንዴ ጢጥ የሚለው ወይ ባትሪው አልቋል ወይ ዕቃው አርጅቷል። ገልብጣችሁ ቀኑን እዩ፤ የጭስ አላርም ዕድሜው 10 ዓመት ነው፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱ እንደ ሥሪቱ ከ5 እስከ 10። በእያንዳንዱ ፎቅና መኝታ ቤት አጠገብ መኖር አለበት። ቤዝመንት የምታከራዩ፣ ሰው ታች ከፈርነሱ ጋር ነው የሚያድረው፤ እዚያ ሳይኖር አታከራዩ።

7. እንጨት የሚያነድ ፋየርፕሌስ

ሳሎን ውስጥ ስላለ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ለዓመታት ያልተጠረገ ወይም ከላይ የተዘጋ ሊሆን ይችላል። ተከራይ ከሆናችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ጭስ ማውጫው መቼ ነው የታየው? ወረቀቱ አለ?" ወረቀት ከሌለ አታንድዱ። አከራይ ከሆናችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ማስመርመር ነው የሚመከረው፤ ካልፈለጋችሁ ደግሞ "አይነድም" ብላችሁ በውሉ ጻፉና ዝጉት።

እንጨት ሲነድ ጭስ ማውጫው ውስጥ ክሪዮሶት የሚባል ጥቁር፣ ሬንጅ የመሰለ ነገር ይለጠፋል። ሲወፍር ራሱ እሳት ይይዛል፤ የጭስ ማውጫ ቃጠሎ የሚባለው ይሄ ነው። እርጥብ እንጨት ያበዛዋል። ተፈልጦ ቢያንስ ስድስት ወር የደረቀ እንጨት ተጠቀሙ። ደረቁን ታውቁታላችሁ፤ ጫፉ ተሰነጣጥቋል፣ ቀለል ይላል፣ ሁለቱን ስታጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ካርቶን፣ ቀለም የተቀባ እንጨት፣ የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት አትጨምሩ።

ከማንደዳችሁ በፊት ዳምፐሩን ክፈቱ፤ ማለትም ጭሱ የሚወጣበትን ከላይ ያለውን የብረት ክዳን። በስልካችሁ መብራት ወደ ላይ ተመልክታችሁ መከፈቱን አረጋግጡ። በትንሽ እሳት ጀምሩ። ፍንጣሪ የሚይዘውን መከለያ አቁሙ። ፍሙ ጨርሶ እስኪጠፋ ዳምፐሩን አትዝጉ፤ "ሙቀቱ እንዳይወጣ" ብሎ መዝጋት መርዙን ቤት ውስጥ ማስቀረት ነው። አመዱ ደግሞ የሞተ መስሎ ለቀናት ፍም ይይዛል። ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አድርጋችሁ ከቤቱ ራቅ አድርጋችሁ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡ፤ የእንጨት በረንዳ ላይ ወይም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ በፍጹም።

8. የጋዝ ፋየርፕሌስ

ይሄኛው ቀለል ይላል፣ ግን መስታወቱ ያቃጥላል። ትናንሽ ልጆች ብርሃኑን አይተው መዳፋቸውን ይለጥፉበታል፤ ካጠፋችሁትም በኋላ ለረጅም ጊዜ ይግላል። ከ2015 ወዲህ የተሠሩት ከመከለያ መረብ ጋር ነው የሚመጡት፤ የእናንተ አሮጌ ከሆነ አከራዩ መረብ እንዲገዛ ጠይቁ። እንጨትም ሆነ ወረቀት አታስገቡበት።

የጋዝ ፋየርፕሌስ ነበልባል እንደ ፈርነስ ሰማያዊ ብቻ አይደለም፤ ለውበት ሲባል ቢጫ እንዲሆን ነው የተሠራው። የሚያሳስበው መስታወቱ ላይ ጥቁር ጥላሸት ሲታይ ነው። ያን ጊዜ አጥፉና አስመርምሩ። ጭስ ማውጫው ከድሮ የእንጨት ፋየርፕሌስ የቀረ ከሆነ ዳምፐሩ እንዳይዘጋ የሚይዝ ብረት መኖር አለበት፤ አታንሱት።

9. ተንቀሳቃሽ ሂተር

ጃንዋሪ 9፣ 2022 ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ አንድ አፓርትመንት ተቃጥሎ 17 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ከጋምቢያ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። መነሻው ተንቀሳቃሽ ሂተር ነበር። በሮቹ እንደሚገባው ራሳቸውን ስላልዘጉ ጭሱ ሕንፃውን ሞላው።

አብዛኛው ተንቀሳቃሽ ሂተር 1500 ዋት ነው፤ 12.5 አምፒር ያህል ይስባል። ተራው የመኝታ ቤት መስመር ብዙ ጊዜ የሚችለው 15 ነው። ስለዚህ በኤክስቴንሽን አትሰኩት፣ ግድግዳው ላይ ቀጥታ ይሁን። በዚያው መስመር ማይክሮዌቭ ወይም የእንጀራ ምጣድ አትጨምሩ። ከአልጋ፣ ከመጋረጃ፣ ከሶፋ ሦስት ጫማ ይራቅ። ሶኬቱን በእጃችሁ ንኩት፤ ከጋለ ንቀሉት። ስትተኙ አጥፉ። ኦቨን ከፍቶ ቤት ማሞቅም አደገኛ ነው፣ ጋዝ ከሆነ በተለይ።

10. ከተበላሸ በጽሑፍ ንገሩ

መደወል ጥሩ ነው፣ ግን ደውላችሁም ጻፉ። ለሐበሻ አከራይ እንዲህ ማለት ይበቃል፦

"ጋሼ እንደምን አደሩ። ሂተሩ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልነሳም አለ። ቤቱ አሁን 58 ዲግሪ ነው፤ ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ፊልተሩንና ብሬከሩን አይቻለሁ፣ ደህና ናቸው። ሕፃን ስላለን ዛሬ ሰው ቢልኩልን? ቤት ነኝ፣ በማንኛውም ሰዓት መግባት ይችላሉ።"

አክብሮት አለው፣ ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ማስረጃ አለው። ነገሩ ከከረረ የሚጠቅማችሁ ይሄ ነው። መልስ ከጠፋ ዲሲ ውስጥ ወደ ከተማው አገልግሎት ስልክ 311 ደውላችሁ የቤት ምርመራ ጠይቁ። የከተማው የቋንቋ ሕግ ከ2004 ጀምሮ አለ፤ መሥሪያ ቤቶቹ አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፣ ስለዚህ "አምሃሪክ" ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ኪራዩን በገዛ ፈቃዳችሁ አታስቀሩ፤ ሂተር ከሌለ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ኪራዩን እዚያ የምታስቀምጡበት መንገድ አለ። ቨርጂኒያም ተመሳሳይ አላት። በራስ ውሳኔ ኪራይ ማቆም ግን ከቤት መባረር ሊያመጣ ይችላል።

ጥገናው እስኪደርስ ውሃው እንዳይቀዘቅዝና ቧንቧው እንዳይፈነዳ ከውጭ ግድግዳ አጠገብ ያሉትን ቧንቧዎች በቀጭኑ እያንጠባጠቡ አሳድሩ፤ የሲንኩን ሥር ቁም ሳጥን በር ክፍት ተዉት። ለጉዞ ከሄዳችሁም ቴርሞስታቱን ከ55 በታች አታውርዱ። ቧንቧ ከፈነዳ መጀመሪያ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዝጉ፣ ከዚያ ደውሉ።